የእጅ ጽሕፈቴ ጣጣ

የእኔ ነገር ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ዕለት ነው። ማክሰኞ ቢሆን ይህን ያህል አይቆጨኝም ነበር፤ ማክሰኞ ድሮም የሚታመን ቀን አይደለም። ሐሙስ ግን ሰው ሳምንቱን አጋምሶ ትንሽ የሚተነፍስበት፣ ደህና የሚባል ቀን ነው። ሰው በምን ይጠፋል ቢባል በመጠጥ ይባላል፣ በሴት ይባላል፣ በቁማር ይባላል። በእጅ ጽሕፈቱ ማማር የጠፋ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እንተዋወቅ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሺንሺቾ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ መደብ ትግል እለፈልፍና እሁድ ትንሿ የካቶሊክ ጸሎት ቤታችን ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቄስ የሚደርስልን በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነበር። በመሀሉ ጸሎት የሚመራ፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ልጆች የሚያስተምር ካቴኪስት ያስፈልገን ነበር። ለዚያ ደግሞ ሆሳዕና ከተማ ሄዶ፣ የካቶሊክ ሚሽኑ ግቢ ሦስት ክረምት ነገረ መለኮትና የእረኝነት አገልግሎት ተምሮ ሰርተፍኬት መያዝ ግድ ነው። ሁለቱን ክረምት ጨርሻለሁ፤ አንድ ቀርቶኛል።

ያቺን ሰርተፍኬት የፈለግኳትን ያህል ዲግሪዬን አልፈለግኩትም። ለምን ትሉኝ እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ማታ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለኝ። ካቴኪስትን ግን ሰው ይጠራዋል። ሲወልድ ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠራዋል፣ ሲሞትበት ይጠራዋል። መጠራት ፈልጌ ነው። ይህ ኃጢአት ከሆነ በሦስቱ ክረምት አላስተማሩንም።

ለሦስተኛው ክረምት የመምህራን ሴሚናር ይዞኝ አራት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ማደሪያው አርባ አልጋ ነበረው፤ አርባ ተማሪ ሞልቶታል፤ እኔ አርባ አንደኛ ሆንኩ። ኮርሱን የሚመሩት አባ፣ ማደሪያ ውጭ ፈልግ፣ ማዕድ ግን ከእኛው ጋር ነው አሉኝ። እትዬ ሸምሲያ የሚባሉ፣ ጨውና ላምባ የሚቸረችሩ የጉራጌ ሴት ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል አከራዩኝ። በዚያ ጊዜ እንግዳ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ማስመዝገብ ነበረበት። እትዬ ሸምሲያ ደግሞ በሕግ ቀልድ አያውቁም። «ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። የሚጠብቀኝ አንድ አላህ ነው፣ አንድ ቀበሌው ነው። ሳትመዘገብ ጎንህን አታሳርፍም!» አሉኝ። ከሁለቱ ጠባቂዎች የትኛው እንደሚያስፈራቸው አልጠየቅኳቸውም።

ቀበሌ ሄጄ ፎርም ሞላሁ። ሊቀመንበሩ ፎርሙን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፤ ገልብጦም አየው። ይህን የጻፍከው በእጅህ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። ሞኝነት እንዲህ ነው የሚጀምረው። የቀበሌው ጸሐፊ ታሞ ወር ሆኖታል፣ ቃለ ጉባኤው ተከምሯል፣ ከክፍል ስትወጣ ብቅ እያልክ ገልብጥልን አለኝ። በዚያ ዘመን ለቀበሌ ሊቀመንበር «አይመቸኝም» ያለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት እንደወጣሁ በየቀኑ ቀበሌ እገባለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ጽፌ እወጣለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ያየኛል። እኔ የማየው ግን ወረቀቱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያ ሐሙስ መጣ። አባ ስለ ጸጋ እያስተማሩ ሳለ የቀበሌ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ጠራኝ። አርባ ጥንድ ዓይን ሸኝቶኝ ወጣሁ። ሊቀመንበሩ አንድ ረቂቅ ሰጥቶኝ በጥሩ ወረቀት ገልብጠው አለኝ። የሚሽኑ የክረምት ተማሪዎች ቅዳሜ ለችግኝ ተከላ እንዲወጡ የሚያዝ ጥሪ ነው፤ ከሥሩ የአርባዎቹ ስም ተዘርዝሯል። የማይገኝ ሰው በአብዮታዊ ሕግ ይጠየቃል ይላል። እኔም፣ የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ለጓደኞቼ አሰብኩና «የማይመቸው ቢኖር ምክንያቱን በአክብሮት ያስታውቅ» ብዬ አለዘብኩት። ሊቀመንበሩ አነበበና «ይሄ የሠርግ ጥሪ ነው እንዴ ጓድ?» ብሎ እንደነበረው እንድመልሰው አደረገኝ። መለስኩት። አሳምሬ መለስኩት።

ዓርብ ጠዋት ጥሪው መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። በውስጥ በኩል ደግሞ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባለፈው ክረምት እኔው በትልቁ የጻፍኩት የመዝሙር ወረቀት ተሰቅሏል። «ሀ»ው አንድ፣ «መ»ው አንድ፣ የአራት ነጥቧ አቀማመጥ እንኳ አንድ! ሰዉ በሩን ያነባል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። የባሰው ደግሞ ከአርባው ስም ውስጥ የእኔ የለበትም።

ቅዳሜ ስሜ ሳይኖርበት ሄድኩ፤ ከእነሱ ጋር ለመሆን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ከሀቢቾ የመጡ አባባ ኤርጫፎ የሚባሉ ሽማግሌ ተማሪ ሦስት ችግኝ እንደተከሉ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ፤ መንቀጥቀጥ ያዛቸው፤ በቃሬዛ ክሊኒክ ወረዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሳምንቱ ዳኑ። የእኔ ስም ግን አልዳነም።

እሁድ ምሳ ላይ ቆጮና ጎመኔን ይዤ እንደ ልማዴ ከላምቤቦ ጎን ተቀመጥኩ። ላምቤቦ የሾኔ ልጅ ነው፤ ሁለት ክረምት ከአንድ መጽሐፍ አጥንተናል፤ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል። «ጨው ላምጣ» አለና ሳህኑን ይዞ ተነሳ። ጨው ለማምጣት ሳህን ይዞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጨው ፍለጋው ተላላፊ ነበር መሰለኝ፣ ሌላውም ተነሳ፣ ሦስተኛውም ተነሳ። አሥር ሰው በሚያስቀምጥ አግዳሚ ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

ሰደቡኝ እንዳትሉ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ! እጅግ ጨዋ ሆኑብኝ እንጂ። ስቀርብ መንገድ ይለቁልኛል፤ ወሬውም ይለወጣል። «የዘንድሮ ችግኝ እንዴት ያምራል! አብዮቱ ባይመጣ ይሄ ጋራ ራቁቱን ይቀር ነበር!» ይላል አንዱ፣ ጉንፋኑ ገና ሳይለቀው። ጎመኑ ጨው የለው፣ ማንም አያማርርም። አባ እንኳ ስለ ቅድስት ሥላሴ እያስተማሩ እኔን አዩና የገበሬዎችን ኅብረት ሥራ በምሳሌነት አነሱ። ጠቋሚ ነው ብሎ የሚከሰኝ ሰው ቢኖር እከራከር ነበር። ያልተከሰሰ ሰው ግን እንዴት አድርጎ ነጻ ይወጣል?

ላምቤቦን ቧንቧው ጋ ብቻውን አገኘሁትና፣ እኔ የሰጡኝን ገለበጥኩ እንጂ ማንንም አልጠቆምኩም አልኩት። ጀሪካኑ ሳይሞላ አነሳው። «ኧረ ጋሼ፣ ምን አጠፉና! እኛ እኮ መንግሥታችንን እንወዳለን» ብሎኝ ሄደ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ «አንተ ቀጫጫ» ነበር የሚለኝ።

የሚያናግረኝ ሰው እትዬ ሸምሲያ ብቻ ሆኑ። ነገሩን ስነግራቸው መስፈሪያቸውን አስቀመጡ። «የእናንተን ሃይማኖት አላውቅልህም። አርባ ሰው አንድ ሰው ፈርቶ ምሳውን ሲበላ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሂድና ጩህባቸው! ሳህን ስበር!» አሉኝ። አልሰበርኩም። የተማረ ሰው ሳህን አይሰብርም፤ ለአባ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ይጽፋል። ያውም በዚያው በቆንጆው ጽሕፈት።

የምርቃቱ ዕለት አባ ስም ጠሩ። አርባ ጠሩና ፋይሉን ዘጉ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ሌላ ሥራ አልነበረውም። በኋላ ለብቻቸው አግኝቼ ጥፋቴን ይንገሩኝ አልኳቸው። «ጥፋት አላልኩም ልጄ። ትንሽ እንቆይ። ጊዜው ነው» አሉኝ። ጊዜን የትኛው ፍርድ ቤት ልክሰሰው?

ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ አንጋጫን እንዳለፈ፣ አንድ ነገር ድንገት በራልኝ። ችግኝ የተከልን ቅዳሜ ጋራው ሥር ጥበቃው ስም ሲጠራ ላምቤቦ ጮክ ብሎ ስቆ ነበር፤ «እዩት እዩት፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ በአልጋችን ተራ እኮ ነው የሚጠራን!» ብሎ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም እንደ ሰው ሳቅኩ። እኔ የገለበጥኩት ረቂቁ ላይ እንደነበረው ነው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚተኛ በምን አውቃለሁ? ያን ክረምት የማደሪያውን ደፍ አንድ ቀን አልረገጥኩም! ያንን ዝርዝር ለሊቀመንበሩ የሰጠው ሰው እዚያው ውስጥ የሚያድር፣ ዓይኑን ጨፍኖ አልጋ በአልጋ መቁጠር የሚችል ሰው ነበር።

ይህንን ለአባ ጻፍኩ። አልመለሱም። ደግሜ ጻፍኩ። ሦስተኛውን በሰው እጅ ላክሁ፤ ደርሷቸዋል፣ መልስ ግን የለም አለኝ ወሳጁ። ጸሎት ቤታችን ሌላ ካቴኪስት ተላከላት፤ ከእሱ በኋላም ሌላ። ደርግም ሄደ፣ አባም ዐረፉ። እኔ አሁንም ኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ሰው ሲሞት እኔም እንደማንኛውም ሰው የምሰማው በጡሩምባ ነው።

አርባ ሆናችሁ ሳህናችሁን አነሳችሁ። አብዛኞቻችሁ ፈርታችሁ ነው፤ እሱን ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው፣ አንዳንድ ቀንም ይሳካልኛል። ከእናንተ አንዱ ግን ሳህኑን ሲያነሳ ንጹሕ መሆኔን ያውቅ ነበር። ሰርተፍኬትህ ግድግዳህ ላይ ተሰቅሎ ይሆናል። ያዘነ የምታጽናና፣ ሰው ሁሉ «እሱ ይምጣልን» የሚልህ ደግ ካቴኪስት ሆነህም ይሆናል። ሰርተፍኬቱን መልስልኝ አልልህም፤ ለማንም አልናገርብህም። ግን አንተ ማነህ? ያን እሁድስ ምሳው ወረደልህ? ደብዳቤ መጻፍ ታክቶኛልና እዚሁ ሰው ፊት እጠይቅሃለሁ፤ መልስልኝ!