ፊት ማለስለሻ ብቻ የሚያውቀው ኤዲተር

ሶዶ ውስጥ «የፎቶ ኤዲተር ነኝ» ባይ ሞልቷል። ጎረቤቴን ማርቆስን ውሰዱት። ዛሬ አንድ ፕሮግራም ይጭናል፤ ነገ «ይሄማ የልጆች ነው» ብሎ ሌላ ይጭናል። አምስት ጭኖ የሚያውቀው ግን አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ፊት ማለስለስ።

የጉኑኖው አጎቴ ሲያርፉ፣ ያለችንን አንዲት ፎቷቸውን አሳድጎ እንዲያትምልን በፍላሽ ሰጠነው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሰማንያ ዓመት ሽብሽባቸውን ጠራርጎ፣ ፊታቸውን አቅልቶ፣ ከረባት አሰረላቸው!

ለቅሶው ላይ ፎቶው ሲወጣ የገዛ ሚስታቸው እንባቸውን ገታ አድርገው፣ «ውይ፣ ይሄ ልጅ ደግሞ መቼ ሞተ?» አሉ።

«ዋናውን ፎቶ መልስልን» አልኩት ማርቆስን።

«እዚያው ፍላሹ ላይ፣ በዋናው ላይ ደርቤ ሴቭ አድርጌዋለሁ» አለኝ፤ «ግን አይዞህ፣ ሌላ ፕሮግራም እየጫንኩ ነው።»