ነጭ ጨርቅ የለበሱ እጮች

ልጅህ ምን ትሠራለች ተብዬ ስጠየቅ ላብ ላብ ይለኛል።

እዚህ አሜሪካ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ አይቲ፣ አካውንታንት። ከእነዚህ አንዱን ካላችሁት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልና ወደ መኪና ኢንሹራንስ ወሬው ይሻገራል። የእኔዋ ፌቨን ግን በቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ የሚንሳፈፉ እጮችን ነው የምታጠናው። እስቲ ይህን በቸርች በር ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው እየተጣደፈ፣ እናንተ አስረዱልኝ።

እኔ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ኮከብ የሚባለውን ባለ አምስት ክንድ እንስሳ በሥዕል አይታችሁት ይሆናል። ባለ ዛጎሉን፣ ባለ እሾሁን፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖረውንም ጨምሩበት። የእነዚህ ሁሉ ኑሮ ባሕሩ ወለል ላይ ነው። አንዳንዶቹ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አይሉም። ልጆቻቸው፣ እጮቹ ማለት ነው፣ ግን እንደተፈለፈሉ ውኃው ውስጥ መንሳፈፍ ይጀምራሉ። ወላጆቻቸውን ፈጽሞ አይመስሉም። ደቃቅ ከመሆናቸው የተነሣ ዓይን ያያቸዋል ለማለት ይከብዳል። ውኃው ሲቀዘቅዝ እድገታቸውም ይንቀራፈፋል፤ ስለዚህ ወራት ሙሉ ሞገድ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ወደ ታች ይወርዱና ወለሉን ይዳብሳሉ፣ ይቀምሳሉ። ካልጣማቸው ትተውት ይነሣሉ። ከጣማቸው እዚያው ይለጠፉና መልካቸውን ቀይረው ለአካለ መጠን ይደርሳሉ። ፌቨን ዶክትሬቷን የሠራችው በዚህ ቅምሻ ላይ ነው። ባለቤቴ መሠረት ይህን በሰማች ዕለት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያለፋትን ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ አንቺስ መቼ ነው የሚጥምሽ ብላ ጠየቀቻት።

ጣማት። ኪሩቤል ይባላል፣ ከእኛ ድልድይ ማዶ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፣ ኢንጂነር። አያችሁ፣ እሱን ለማስረዳት አንድ ቃል በቃኝ። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ እኔ ራሴ ወድጄዋለሁ። ችግሩ እናቱ ናቸው፣ እትዬ ጥሩወርቅ። እሳቸው የለየላቸው ኦርቶዶክስ፣ እኛ ደግሞ ጴንጤ። መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ዶክተር ናት ሲባሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ገና እንደተዋወቁ የቀኝ ጉልበታቸውን ዘርግተው ሕመሙን ከሥር ከመሠረቱ አወሩላት። ፌቨን በትሕትና አዳምጣ ስታበቃ፣ እኔ የማጠናቸው እንስሳት ጉልበት የላቸውም ብላ እርፍ አለች። በማግስቱ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ የምን እምነት ተከታይ እንደሆነች ሰሙ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱም ልጅቷም ተረሱ።

ኪሩቤል ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ያለ እናቴ ምርቃት አላገባም አለ። ፌቨን ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንንም አላገባም አለች። እኔና መሠረት መሐል ላይ ቁጭ ብለን ዓመት አለፈን። ልጄ ላይ ላዩን ስትስቅ ውስጧ እንደከፋው አየው ነበር፤ በጣም አሳዘነችኝ።

ባለፈው መኸር ፌቨን ከሰሜኑ ባሕር በመርከብ ተመለሰች። በእጇ የበረዶ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ ጠርሙሶች፣ በጠርሙሶቹ ውስጥ የባሕር ኮከብ እጮች፣ ከነሕይወታቸው። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ስለነበር፣ እስኪጠገን የእኛ ፍሪጅ ውስጥ ይቆዩ አለች። ሦስት ትእዛዝ ሰጠችን። አይሙቃቸው፣ ብርሃን አይያቸው፣ ማንም አይንካቸው። መሠረት ስትታዘዝ ደግሞ አብዝታ ነው። የላይኛውን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ ወለወለችው። ጠርሙሶቹን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለለቻቸው። «እንዳይነካ» ብላ በአማርኛ በትልቁ ጽፋ ለጠፈችባቸው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እትዬ ጥሩወርቅ ኮል አደረጉልን። ከልጃቸው ጋር እንደሚመጡ ነገሩን። ኪሩቤል ቀደም ብሎ በቴክስት፣ የመጨረሻውን እምቢታ በአካል ሊነግሯችሁ ነው ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ፌቨን መስማቱን ስላልፈለገች ሥራ አለኝ ብላ ወጣች።

መጡ። ኪሩቤል መኪናውን የጎረቤት መግቢያ ድራይቭዌይ ላይ አቁሞት ኖሮ፣ ሌላ ማቆሚያ ላሳየው አብሬው ወጣሁ። መሠረት ስልክ ላይ ነበረች። እትዬ ጥሩወርቅ የጉልበት ክኒናቸውን የሚውጡበት ውኃ ጠየቋት። እሷም በእጇ ወደ ፍሪጁ እያመለከተች፣ ቤትዎ ነው፣ ይክፈቱ አለቻቸው። ፈረንጅ ጎረቤት ቢሆን ኖሮ «እንዳይነካ» የሚለውን ማንበብ እንኳ አይችልም ነበር። እሳቸው አነበቡት።

እኔ ወጥ ቤት ስገባ ነጩ ጨርቅ ተፈትቷል። አንደኛው ጠርሙስ ተከፍቷል። እትዬ ጥሩወርቅ አንዴ ተጎንጭተው ጠርሙሱን በአግራሞት ያዩታል። ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አማተቡ። ደገሙት። ሦስተኛ ጉንጭም ጨመሩ። መዳፋቸው ላይ በቀረችው ጠብታ ጉልበታቸውን አሹ።

«ለካ ጠበሉን እናንተም አልተዋችሁትም» አሉኝ ቀስ ብለው። «አይዞዎት፣ ከእኔ አይወጣም።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር? አሁን የዋጡት የባሕር ኮከብ ሕፃናት ናቸው ትሏቸው ነበር? የምለውን ሳልወስን እሳቸው ሳሎን ገብተው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያም፣ ልጆቹ ይጋቡ፣ መርቄያለሁ አሉ። ኪሩቤል እጁ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ምንጣፉ ላይ ለቀቀው።

መሠረት በደስታ ልትዘል ነበር፤ የሆነውን ስነግራት ደስታው በድንጋጤ ተለወጠ። ፓስተሩ ቢሰማስ? ጴንጤ ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጠበል! ማታ ፌቨን መጥታ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ አየችው።

«ዳድ፣ ሁ ድራንክ ማይ ላርቪ?»

እጮቼን ማን ጠጣቸው ማለቷ ነው። አማትሽ አልኳት። መጀመሪያ ደነገጠች። እንደማያማቸው፣ ትንሽ ጨዋማ ውኃ ብቻ እንደጠጡ ለራሷ አስረዳችና ተረጋጋች። ቀጥላ ለእጮቹ አዘነች። መጨረሻ ላይ ነው ምርቃቱን የነገርናት። አለቀሰች። እኛም የደስታ ለቅሶ መስሎን አብረን አለቀስን።

«አይ ካንት ዱ ዚስ፣ አልችልም» አለች ዕንባዋን ጠርጋ። «በውሸት ትዳር አልጀምርም። ወይ አንተ ንገራቸው፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሰርጉ ይለፍና እንነግራቸዋለን አልናት። ለመንናት። ድንጋይ ሆነችብን። ውኃውን ከመረመሩ በኋላ ያላዩትን አየን እንዳይሉ አድርገው ነው መሰለኝ እነዚህን ተመራማሪዎች የሚያስተምሯቸው።

እሑድ ከቸርች በኋላ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። ቤልትዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ተጨናንቆ ስለነበር ንግግሬን ለመለማመድ ጊዜ አገኘሁ። በሥነ ሥርዓት ጀመርኩት፣ በቀልድ ሞከርኩት፣ በጸሎትም ሞከርኩት። ድልድዩን ስሻገር የልጄን ደስታ በገዛ እጄ ላፈርስ እየሄድኩ እንደሆነ ተሰማኝ። ወደ እሳቸው ቤት የሚያስወጣውን ኤግዚትም አለፍኩት፤ እውነቱን ለመናገር ሳላውቅ አይደለም።

በሚቀጥለው መውጫ ዞሬ ስደርስ እትዬ ጥሩወርቅ ሻይ አቀረቡልኝ። ሳልቀምሰው የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ጠበል አይደለም፣ የባሕር ውኃ ነው፣ ውስጡም እጮች ነበሩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ስኳሩን አማስለው አማስለው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«እኔ አሰብ ነው ያደግኩት» አሉኝ። «አባቴ ወደብ ላይ ነበር የሚሠራው። የባሕር ውኃ ጣዕም ይጠፋኛል ብለው ነው?»

 በእጄ መጎንጨት እያሳየሁ፣ ታዲያ ለምን ደገሙት አልኳቸው።

«የመጀመሪያውን ጉንጭ እውነት ጠበል መስሎኝ ነው» አሉ። «ሌላውን እርስዎ ሲገቡ አይቼ። ዓመት ሙሉ አይሆንም ብዬ ለዘመድ ለጎረቤት አወራሁ። ልጄ ከስቶ አለቀብኝ። በየት በኩል ልመለስ? ያ ጠርሙስ መንገድ ሰጠኝ። ለዘመዶቼም ጴንጤዎቹ ቤት ጠበል አገኘሁ ብያቸዋለሁ፣ እርስዎም እንዳያፈርሱብኝ።»

እጮቹ ወለሉን ቀምሰው ነው የሚረጉት ብያችሁ የለ? ሴትየዋም ቀምሰው ነው የረጉት። ሊሸኙኝ ወጥተው በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ያ ውኃ ተርፎ ከሆነ ትንሽ ይላኩልኝ። ጉልበቴ ግን በእውነት ተሽሎታል።»

ቤት ስደርስ ለፌቨን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። በውሸት ትዳር አልጀምርም ያለችው ልጄ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ ተነሥታ ፍሪጁን ከፈተች። እጮቹን ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ወንፊቷ አጥልላ አስቀረችና የጠራውን ውኃ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገለበጠች። ለእትዬ ጥሩወርቅ እንዳደርስላት ሰጠችኝ። በነጭ ጨርቅ የጠቀለለችውም ራሷ ናት።