ከሰዓት በኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?

ሕንፃ በሚነደፍበት ቢሮ ሁሉ፣ ገና ወንበር ሳይስብ ግድግዳ የሚዳስስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው ሰው ቤት ሲገባ ሶፋውን ያደንቃል፣ ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ይጠይቃል። እሱ ግን መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ የልጇን ትኩሳት እንደምታይ እናት ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ጋ የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የፀሐይና የነፋስ ባለሙሉ ሥልጣን መልዕክተኛ፣ ክቡር ጋሽ ነፋሱም የዚህ ወገን ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ እሳቸውም ያለ ቅሬታ ተቀብለውታል። እርሳሳቸው ጫፍ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ያስራሉ። ስብሰባ መሃል ድንገት ብድግ ይሉና መስኮት ጋ ቆመው ክሩን ያስተውላሉ። ከተወዛወዘ ፊታቸው ይፈካል፤ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ግን ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስላሉ።

"ኤር ኮንዲሽነር ማለት የአርክቴክት ይቅርታ ነው" ይላሉ። "አስቀድሞ ያላጠፋ ሰው ይቅርታ ምን ያደርግለታል?"

ከዚህም የባሰችው የዘወትር ጥያቄያቸው ናት። ምንም ዓይነት ንድፍ ቢያሳዩዋቸው፣ መኝታ ቤትም ይሁን የዘበኛ ጎጆ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "ከሰዓት በኋላ እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?" ይላሉ። መልስ ያላዘጋጀ ሰው ንድፉን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

የቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ አዲስ ቤት ገዝቶ ባልደረቦቹን የጠራ ዕለት፣ ሁሉም ሲመርቅ ጋሽ ነፋሱ ጠፉ። ቢፈለጉ መኝታ ቤት ውስጥ ግድግዳ ሲዳስሱ ተገኙ። "እዚህ ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳችሁም" አሉ። ባልና ሚስት ተያዩ። ለካ እሱ በእሷ መገላበጥ፣ እሷ በእሱ ማንኮራፋት ሲያሳብቡ ከርመዋል። ግድግዳው ግን ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ሲተፋባቸው ነበር። እንግዳው ተረባርቦ አልጋውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወረ፤ የቀረበውም ምግብ በዚሁ መሃል ቀዘቀዘ።

የሩቅ ዘመድ ሠርግ ላይ ደግሞ "ድንኳኑ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቷል" ብለው አስነቅለው አዙረውታል። የሙሽራዋ ወገኖች የሙሽራው አጎት መስለዋቸው ዝም አሉ። የሙሽራው ወገኖችም የሙሽራዋ አጎት መስለዋቸው ዝም አሉ። ሁለቱም ወገን ግን ያን ቀን ላብ ሳያጠምቀው ጨፍሮ ገብቷል።

በእሳቸው የተነሳ ፀጉሯን ልትነጭ የደረሰችው የቢሮው ኃላፊ ናት። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ አለቃቸው እሷ ናት። በየዓመቱ ሙቀቱ ሊጀምር ሲል ክራቸውን ይዘው የቢሮውን ጠረጴዛ በሙሉ ያዟዙራሉ። ገመድ ይጠላለፋል፣ ስልክ ይቋረጣል፣ ወረቀት ይጠፋል። "ጋሼ፣ እባክዎ የዘንድሮውን እንኳ ይማሩን!" ትላለች። እሳቸው ግን የእሷን ጠረጴዛ በአንድ ጎን ይዘው "በዚያ በኩል አንሺ፣ ልጄ" ይሏታል።

ሰሞኑን ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። አንድ ስመ ጥር ዶክተር የእናቶች ሆስፒታል ሊያሠራ ወደ ቢሮው መጣ። ቢሮው ደህና ሥራ ካየ ቆይቷል፤ ይሄኛው ካመለጠ በሩን ዘግቶ ሠራተኛውን መበተኑ እንደማይቀር ኃላፊዋ ታውቃለች። ዶክተሩ የሚፈልገውንም አልደበቀም። ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ይሠራለት፤ ግቢው ውስጥ ያለው ትልቁ ዛፍ ተቆርጦ መኪና ማቆሚያ ይሁን።

"ከሩቅ የሚያበራ እንዲሆን ነው የምፈልገው" አለ።

"ከሩቅ የሚያበራ፣ ከቅርብ የሚጠብስ" አሉ ጋሽ ነፋሱ። ኃላፊዋ ከጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥ አደረገች፤ የተረዷት አልመሰሉም። "መብራት የጠፋ ዕለት፣ ያቺ ምጥ የያዛት ሴት ከሰዓት በኋላ መስታወቱ ሥር ምን ልትሆን ነው?"

ከዚያ የራሳቸውን ንድፍ ዘረጉ። ዛፉ ከሁሉ በፊት ተስሏል፤ ሕንፃው እሱን ተጠግቶ ቆሟል። የእናቶቹ ክፍሎች መስኮቶች ፊት ለፊት ሆነው ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዶክተሩ ንድፉን ሳይሆን ጋሽ ነፋሱን አየ።

"በወረቀት ላይ ሁሉም ያምራል። እስቲ መጀመሪያ የራስዎን ቤት ያሳዩኝ።"

ኃላፊዋ ክው አለች። ቢሮው ውስጥ የቆየ ሐሜት አለ፦ ጋሽ ነፋሱ የራሳቸውን ቤት ያሠሩ ጊዜ ንድፉ ላይ ሰሜንን የሚያመለክተውን ቀስት ገልብጠው ይዘው፣ የገዛ ሥራ ክፍላቸው የዳቦ ምድጃ ሆኖ ቀርቷል ይባላል። "ቤታቸው ዕድሳት ላይ ነው" አለች ፈጠን ብላ።

"የምን ዕድሳት?" አሉ ጋሽ ነፋሱ፣ ቆባቸውን እያነሱ። "ኑ እንጂ፣ ሰዓቱም ጥሩ ሰዓት ነው።"

ሰዓቱ አስፋልት የሚቀልጥበት ሰዓት ነበር። ቤታቸው ሲገቡ ግን ዶክተሩ ሳይታወቀው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሳሎኑ ቀዝቃዛ ነው፤ መጋረጃው እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት፣ ብርሃኑ ግን በማይጎድል ክፍል ውስጥ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ከጎኗ ባለው ክፍል አማታቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ኃላፊዋ ተስፋዋ ነፍስ ሲዘራ ተሰማት። በዚህ መሃል ዶክተሩ የመጨረሻውን በር ከፈተ።

ወላፈኑ ፊቱን ገረፈው። ጠባብ ክፍል ነው፤ የንድፍ ጠረጴዛ፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ወንበሩ ላይ የተሰጣ እርጥብ ፎጣ አለበት። ፀሐይዋ በመስኮቱ ልክ ቆማ ትነዳለች።

"እንዴ! ይሄማ ምድጃ ነው!" ብሎ ዶክተሩ ከት ብሎ ሳቀ። "ለካ ለሰው ነው የሚመክሩት! አሁን ይሄ ሰው ነው ሆስፒታል የሚሠራልኝ?"

ኃላፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያፈረችው ግን ለቢሮው ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ያስተማሯት ሰው ሲሳቅባቸው ማየት ሥራው ከማምለጡ በላይ አመማት።

"ምን ያስቅሃል፣ የኔ ልጅ?" አሉ አማታቸው ክፍላቸው ሆነው። "እያወቀ እኮ ነው የገባበት። ቤቱ ሳይሠራ በፊት መጥቶ፣ 'እማማ፣ የሚብስብዎት መቼ ነው?' አለኝ። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ስለው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ለእኔ ሰጠኝ። ለልጄ ዓይኗን የማይወጋትን ሰጣት። የተረፈው ያ ነው።"

ኃላፊዋ ጋሽ ነፋሱ ሲያፍሩ ስታይ ያን ዕለት የመጀመሪያዋ ነው። "ተዉ እንጂ እማማ" አሉ ቆባቸውን እያሻሹ። "ቤት ሁሉ ምዕራብ አለው። አንድ ሰው እዚያ መቀመጡ አይቀርም። ደግሞ ዛፍ ተክያለሁ፤ እስኪደርስ ነው።"

ዶክተሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ዛፍ የተባለው ጉልበት አይደርስም። ሳቁን ትቶ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ።

"በእኔ ሆስፒታል ምዕራቡ ላይ ማንን ነው ያስቀመጡት?"

ኃላፊዋ መልሱን ታውቃለች። ጋሽ ነፋሱ በሕይወታቸው አንዴ እንኳ ቢዋሹ ብላ በሆዷ ለመነች።

"ደረጃውን፣ መጋዘኑን..." አሉና ትንሽ አሰቡ። "እና እርስዎን።"

"እኔን?"

"ቢሮዎን። ከሰዓት በኋላ እርስዎ ያሉት በሽተኞቹ ዘንድ ነው። ቢሮዎ ውስጥ ከሞቀዎት፣ ያለቦታዎ ተቀምጠዋል ማለት ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት አማታቸው ናቸው፤ ቀጥሎ ሚስታቸው መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች። ዶክተሩ አንዴ ምድጃውን፣ አንዴ ሰውየውን አየ።

"ቢያንስ ለእኔም ዛፍ ይተከልልኝ" አለ በመጨረሻ።

"አድጎ ነው የጠበቀዎት" አሉ ጋሽ ነፋሱ። "መኪና ማቆሚያ ይሁን ያሉት እሱ ነው።"

ውሉ በሳምንቱ ተፈረመ፤ ዛፉም ተረፈ። በፊርማው ማግስት ከሰዓት በኋላ፣ ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ ቀና ስትል የመስኮቱ ነፋስ ፊቷን ዳበሳት። ዘወር ብላ ቢሮውን ቃኘች። የሒሳብ ሠራተኛው ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐፊዋም ጥላ ውስጥ ናት። በምዕራቡ መስኮት ሥር፣ ፀሐይዋ በምትነድበት ጥግ፣ ጋሽ ነፋሱ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ይስላሉ። ዓመት በመጣ ቁጥር የሚያዟዙሩት የሌላውን ሰው ጠረጴዛ ነበር እንጂ የእሳቸው ከዚያ ጥግ ወጥቶ አያውቅም። እንባዋ መጣ።

ተነስታ ጠረጴዛቸውን በአንድ ጎን ያዘች። "በዚያ በኩል ያንሱ፣ ጋሼ።"

ግራ ገብቷቸው አነሱ። ከእሷ ጠረጴዛ ጎን አስጠግታ አስቀመጠችው። ጋሽ ነፋሱ ወዲያው እርሳሳቸውን አውጥተው መስኮቱ ጋ ያዙት። ክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠለጠለ።

"ይኸው! የነፋሱን መንገድ ዘጋሽው እኮ፣ ልጄ!"

"ይዘጋ" አለች።

ሁለቱም እስከ ሥራ መውጫ ላብ በላብ ሆነው ሲሠሩ ዋሉ። ኃላፊዋ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት ሠርታ አታውቅም።