ክቡር አምስት ደቂቃ ካርድ ክፍል ገቡ

ቅድም ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባባ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የሕፃናት ክትባት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተገኙ።

"ልጄ፣ ተራህ ደርሷል ተባልኩ፣ ገባሁ" አሉ። "መርፌ ከሆነም ውጉኝ፣ ብቻ ጉልበቴን ያሽለኝ።"

ማነው የጠራቸው? ተራ የሚጠራው ስክሪን! ስክሪኑንስ ማን ሠራው? ክቡር አምስት ደቂቃ!

በየመሥሪያ ቤቱ "አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ቢፈነዳ አምስት ደቂቃ፣ ጣሪያ ቢያፈስ አምስት ደቂቃ። ለኛ ክሊኒክ የደረሰን ክቡር አምስት ደቂቃ የዋና ነርሳችን የእህት ልጅ ነው። ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ይዞራል። የሻይ ክፍላችንን በር ሊጠግን "አምስት ደቂቃ" ብሎ ነቀለው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ በረንዳ ላይ እንዳለን ብርድ እየመታን ሻይ ጠጣን።

ከዚያ እኔ ጋ መጣ። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፤ የበሽተኛውን ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር በትልቁ መዝገብ እጽፋለሁ። ትምህርቴን ከአስረኛ ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ጽሑፌ ይነበባል። መዝገቤን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አነሳው።

"ይሄን ሁሉ በእጅሽ ነው የምትጽፊው?"

"ታዲያ በእግሬ ልጻፍ?"

"እህቴ፣ ይሄ እኮ አምስት ደቂቃ ነው! አሁን ፍሬምወርክ የሚባል ነገር አለ። የገጹ አጥንት ተሠርቶ ነው የሚመጣው። መግቢያው አለ፣ መመዝገቢያው አለ፣ እኔ ሥጋውን ማልበስ ብቻ ነው።"

አልዋሽም፣ ሠራው። ከምሳ በኋላ ጀምሮ አሥር ሰዓት ላይ ተራ የሚሰጥ ገጽ በኃላፊያችን በዶክተሯ ስልክ ተከፈተ። ዶክተሯ አጨበጨቡ። "እንግዲህ ከወሩ መጨረሻ በኋላ መዝገብ አያስፈልገንም" አሉና እኔን አዩኝ። እኔና መዝገቡ አንድ ዕቃ ነን እንዴ? ከዚህ ብወጣ ማን ይቀጥረኛል?

ገጹ ሰውን የሚለየው በስልክ ቁጥሩ መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

"ወንድሜ፣ እኛ ጋ የሚመጣው ሰው እኮ ለየራሱ ስልክ የለውም። አያቱም ልጁም በአንድ ስልክ ነው የሚመዘገቡት።"

"አንድ ሰው፣ አንድ ቁጥር! ዓለም ላይ እንደዚያ ነው የሚሠራው።"

"ዓለም እኔ ጋ ካርድ አውጥቶ አያውቅም።"

"አትጨነቂ፣ ችግር ካለም አምስት ደቂቃ ነው።"

እኔም ለሥራዬ ፈርቼ ወደ መዝገቤ ተመለስኩ። ዛሬ ገጹ ሥራ ጀመረ። አባባ በምራታቸው ስልክ ተመዘገቡ፤ ምራታቸው ደግሞ ሕፃኑን ለክትባት በዚያው ስልክ አስመዘገበች፤ ገጹ አያትና የልጅ ልጅን አንድ ሰው አደረጋቸው። ነርሷ መርፌ ከማንሳቷ በፊት ባታያቸው ኖሮ!

ዶክተሯ ፊታቸው ቀልቶ ወጡ። "ማነው የመዘገበው?" ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አለቀልኝ አልኩ። ይሄ ሰውዬ አሁን ላፕቶፑን አጥፎ ውልቅ ይላል።

"እሷ ከመጀመሪያው ነግራኝ ነበር" አለ። "እኔ ነኝ ያልሰማኋት።"

"ማስተካከሉ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አሉ ዶክተሯ።

አምስት ደቂቃ አላለም። ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"አላውቅም" አለ። "እሷ አጠገቤ ካልተቀመጠች አልጨርሰውም።"

ይኸው አሁን የበሽተኞች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ያን የሞተ አይጥ መዝገቤን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ "እነዚህስ በማን ስልክ ነው የሚመጡት?" እያለ ያደርቀኛል። ገና ተናድጄበት አልጨረስኩም። ግን ምሳ እንዳልበላ ሳይ ዳቦዬን ለሁለት ከፈልኩለት። ጎርሶ ሳይውጥ፣ "ይሄን ዳቦ እቤት መጋገር እኮ አምስት..." አለና አፉን በእጁ ያዘ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ በሽቄም ሳቅኩ።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተሯ ገጹን ራሳቸው ሊሞክሩት ነው። ይሠራ አይሠራ፣ እኔም ከወሩ መጨረሻ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ልኑር አልኑር፣ አላውቅም።