ቃታ የማይለቁት ሥራ አስኪያጅ

መሥሪያ ቤቱ «ቀዳጁ» የሚል ስም ስላወጣልኝ አስቀድሜ ልማል፦ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከነነጠላ ሰረዙ እውነት ነው። ብዋሽ ፋይል የምሸከምበት ትከሻዬ ይሰበር። ተላላኪ ነኝና ከትከሻ ሌላ ሀብት የለኝም።

ዋና ሥራ አስኪያጃችን፣ እኛ በአጭሩ «ዋናው» የምንላቸው፣ ታላቅ ሰው ናቸው። ታላቅነታቸው በምን ይታወቃል ቢባል፣ የያዙትን ባለመልቀቅ ነው። ወንበሩን ከያዙት አሥራ አራት ዓመት ሆነ። እጅ ጨብጠው ሰላም እስኪሉ ሻይ ይቀዘቅዛል። ብዕር ያዋሳቸው ሰው ብዕሩን ዳግመኛ አላየውም።

ታዲያ ዋናው ሥልጠና ሄደው ሲመለሱ በሪሞት የምትነዳ የእሽቅድምድም መኪና ይዘው መጡ። ለካ ከመንገዱ ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት ኃላፊም አንድ አላቸው። በሠራተኞች ቀን አሥር ዙር ሊወዳደሩ ተቀጣጠሩ። መኪናዋን የማዘጋጀቱ ከባድ ኃላፊነት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛችን ለጋሽ ፊውዝ ተሰጠ፤ ከነማበረታቻው።

«ካሸነፍን አመሰግንሃለሁ» አሉት ዋናው። «ከተሸነፍን ከደረጃው ሥር ያለችው ወርክሾፕህ የእንግዳ ጃንጥላ ማስቀመጫ ትሆናለች። አንተም በር ላይ ቆመህ ጃንጥላ ትቀበላለህ።»

ጋሽ ፊውዝ እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አጎንብሷል። ቀና ብሎ መቆም የሚቻለው በሩ ጋ ብቻ ነው፤ እሱ ግን የትኛው ብሎን የት እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃል። ወዲያው ሥራውን ጀመረ። የሞተሩን ትንሽ ባለጥርስ ሽክርክሪት ከትልቁ ባለጥርስ ሽክርክሪት ጋር ሲያገጥም በመካከላቸው ብጣሽ ወረቀት አስገብቶ ብሎኑን አጠበቀ፤ ከዚያ ወረቀቷን መዞ አወጣ። ክፍተቱ በወረቀት ልክ ሲሆን ጥርሱ አይፋጭም፣ አይላላምም።

ዋናው ይህን አዩ። «ወረቀቷ ከየትኛው ፋይል ወጣች?»

«ከሲጋራ ፓኮ ናት ጌታዬ።»

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠውና ክፍተቱ ሕጋዊ ሆነ።

የቀረችው ኮንትሮለሯ ነበረች። የክብሪት ቀፎ ታክላለች፤ ሪሞቱ የሚላትን ሰምታ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የምታካፍለው እሷ ናት።

«ይቺ እንደ አራስ ልጅ ናት» አለ ጋሽ ፊውዝ። «የሪሞቱን ቃታ፣ ይቺን እንደ ሽጉጥ በጣት የምትሳበውን፣ ለቀው የእሷን ቁልፍ ሲጫኑ ‹ዕረፍት ማለት ይሄ ነው› ብላ ትይዛለች፤ ጢጥ ትላለች። ቃታውን እስከ መጨረሻው ስበው ሲጫኑ ደግሞ ‹ሩጫ ማለት ይሄ ነው› ትላለች፤ ጢጥ ጢጥ። ከዚያ ወዲያ የተማረችውን አትረሳም።»

«ትምህርት የሚሰጠው ከላይ ነው» አሉ ዋናው፤ ሪሞቱን ተቀበሉት። ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አመራር ጥበብ ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ሃያውንም ደቂቃ ቃታውን እንደጨበጡ ነበር።

«አሁን ይልቀቁት ጌታዬ።»

«ምኑን?»

«ቃታውን።»

«እኔ ነኝ የምለቀው?»

«ለዕረፍቱ ነው።»

«አመራር አያርፍም» አሉና ይበልጥ ጨብጠው ቁልፏን ተጫኑ። ጢጥ።

ጋሽ ፊውዝ ግንባሩን ያዘ። «ጌታዬ፣ መጨበጥ ማለት ዕረፍት ነው አሏት እኮ።»

«ይኸው ለቀቅኩ፣ ደስ ይበልህ» ብለው በንዴት ቃታውን ሲለቁ የሌላው እጃቸው ጣት ቁልፏ ላይ አረፈ። ጢጥ ጢጥ።

ሕፃኗ ትምህርቷን ጨረሰች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቃታው ሲጨበጥ መኪናዋ ትቆማለች፣ ሲለቀቅ ትበራለች። ጋሽ ፊውዝ «ሁለት ደቂቃ ነው፣ እንደገና እናስተምራት» ቢል፣ «ትምህርቱ በቃለ ጉባኤ ጸድቋል» ተባለ። ልምምድም ክብር ይነካል ተብሎ ቀረ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች፤ እኛ ዘንድ ሞተሩም ተጠምጥሞ፣ ኮንትሮለሯም ተምራ፣ ያልተማረ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ቀኑ ደረሰ። መኪና ማቆሚያው በአሮጌ ጎማ ታጥሮ የመሮጫ መንገድ ሆነ። ፊሽካ ሲነፋ የማዶዋ ተፈተለከች። ዋናው መኪናዋ ከተከፈተች ጀምሮ ቃታውን እንደጨበጡ ነበሩ፤ የኛዋ እንደቆመች ቀረች። አጥብቀው ጨበጡ፤ አጥብቃ ቆመች።

«ይጫኑት» ይላል ሠራተኛው በሙሉ።

«ይልቀቁት» ይላል ጋሽ ፊውዝ በጆሯቸው።

«ከሞትኩ በኋላ» ይላሉ ዋናው፣ ጣታቸው ደም አልቆበት።

የማዶዋ ሁለት ዙር ስትጨርስ ጋሽ ፊውዝ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ውስጥ የሚታየኝ ጃንጥላ ብቻ ነበር።

«ቀዳጁ፣ የሚፈረም ነገር የለህም?»

ነበረኝ። ሮጬ ዘጠኝ የባለጉዳይ ማመልከቻ አመጣሁ፤ ስምንት ወር ሙሉ ፊርማ የጠበቁ። ዋናው ደግሞ ሰው ፊት ፊርማ ሲባል እጃቸው ይበላቸዋል። «ፊርማ የሚወዱ ሰው ታዲያ ስምንት ወር ምን አስቆያቸው?» ትለኝ ይሆናል፤ አትቸኩል። ብቻ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ብዕር መዘዙ።

መኪናዋ በረረች። ጋሽ ፊውዝ የሪሞቱን መሪ በሁለት ጣቱ ብቻ ይዟል። የዋናው ፊርማ እንደ እኔና እንደ አንተ ጫር ጫር አይደለም፤ ከስማቸው ተነሥቶ፣ በአባታቸው ዞሮ፣ አያታቸው ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ነው የሚያልቀው። አንድ ፊርማ፣ አንድ ዙር። የማዶዋ ኩርባ ላይ ቀዝቀዝ ትላለች፤ ለኛዋ ቀዝቀዝ ማለትን ያስተማራት የለም። ዘጠነኛው ወረቀት ሲያልቅ ሁለቱም ዘጠኝ ዙር ጨርሰው ጎን ለጎን ነበሩ።

«አንድ ይጎድላል» አለኝ ጋሽ ፊውዝ። ባዶ እጄን አሳየሁት። ዋናው እጃቸውን ወደ ሪሞቱ ሰደዱ።

ጋሽ ፊውዝ በግራ እጁ ከቱታው ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ ከብዕሩ ሥር ዘረጋላቸው። «ወርክሾፗ እንዳትነካብኝ» የሚል፣ ሦስት ጊዜ ሳይነበብ የተመለሰበት የራሱ ማመልከቻ ነው። ዋናው በአራተኛውም አላነበቡትም፤ ፈረሙ። አያታቸው ላይ ሦስተኛው ጥምዝ ሲያልቅ መኪናዋ በአንድ ክንድ ቀድማ መስመሩን አለፈች፤ አልፋም ወደ ክብር እንግዶቹ እግር ተወረወረች። ዋናው ሪሞቱን አፈፍ አድርገው ጨበጡ። ቀጥ አለች።

«አያችሁ?» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «እኔ ስይዛት ነው የምትታዘዘው።»

ተጨበጨበ። በሳምንቱ «ድሉ የተገኘው ባለመልቀቅ ነው» የሚል ባለማኅተም ሰርኩላር በየክፍሉ ተለጠፈ። ጋሽ ፊውዝ የደረሰውን ቅጂ በመቀስ በጣጥሶ ለጥርስ ክፍተት መለኪያ አደረገው፤ እዚያው ከደረጃው ሥር፣ አጎንብሶ።

ትከሻዬ ስለሚያስፈልገኝ አንዲት ነገር ላርም። ዘጠኙ ወረቀቶች የባለጉዳይ ማመልከቻ ነበሩ ያልኩት ፈጠራዬ ነው። ከውድድሩ በፊት የታተሙ የአሸናፊነት ምስክር ወረቀቶች ነበሩ፤ ሰጪውም ተቀባዩም ዋናው። የባለጉዳዮቹ ማመልከቻ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ቃታው እንደተጨበጠ፣ ዘጠነኛ ወሩን ይዟል።