«ደህንነት ናቸው»

ክለብ ያለ ሜዳ ሊኖር ይችላል፤ እኛ ምስክር ነን። ያለ ማልያም ይኖራል፤ ለዚህም ምስክር ነን። ያለ አንድ ነገረኛ ግን ክለብ ኖሮ አያውቅም። ሁሉም ሲያጨበጭብ «ቆይ፣ ቆይ» የሚል፣ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጁን የሚያወጣ፣ ሁሉም ቤቱ ሲገባ የሚያማው አንድ ሰው የግድ አለ።

የእኛ የልጆች ሩጫ ክለብ ይህን ጸጋ ያገኘው ከክብርት ወይዘሮ ወርቅውሃ ነው። ክብርትነታቸው መሪ ኮንዶሚኒየም ሥር ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ። ሱቃቸውን የሚከፍቱት ሦስት ሰዓት ላይ በመሆኑ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ጀምሮ ያለው ጊዜያቸው የእኛ መከራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ እንጦጦ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲሮጡ እሳቸው ከታች ቆመው ይቆጥራሉ። አርባ ሁለት ወጥተው አርባ አንድ ከወረዱ፣ አሰልጣኙ ራሱ ዳገቷን እንደገና ይወጣታል።

ሹመታቸው በደብዳቤ ነው። ኮሚቴው የካ ሚካኤል ተሰብስቦ «የሕፃናት ደህንነት ተጠሪ» ብሎ ጻፈ። ወሬው ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ መሪ እስኪደርስ «የሕፃናት» የሚለው መንገድ ላይ ወደቀ፤ «ተጠሪ»ም አልደረሰ። የደረሰው «ደህንነት ናቸው» የሚለው ብቻ ነው። ልጆቹ ሲያሟሙቁ ከወላጆች ጋር ዳር ቆሞ ፖለቲካ ሲተነትን የኖረው ሀብተወልድ፣ እሳቸውን ባየ ቁጥር ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ ብቻ! እኔ ራሴ አንድ ቀን «እትዬ፣ ሰው እኮ ሌላ ነገር መስለውታል» አልኳቸው።

«ተወው፤ ልጆቹን የሚጎዳ ነገር የለውም» አሉኝ።

የሥልጣን ዘመናቸውን የጀመሩት በር በመንቀል ነው። አሰልጣኛችንም ወጌሻችንም ልደቱ ሲሆን፣ የተጎዱ ልጆችን የሚያሽባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። አንድ ጠዋት ብንመጣ የክፍሏ በር ከማጠፊያው ተነቅሎ፣ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሞ፣ አግዳሚ ወንበር ሆኗል።

«እትዬ፣ ብርድ ይገባል እኮ!» አለ ልደቱ።

«ጋቢ አምጣ። ልጅና ትልቅ ሰው ለብቻ በር አይዘጉም። ይሄ ላንተም ይበጅሃል።»

ልደቱ ልበ ቀና ነው፤ አፉ ነበር ያስቸገረው። «አንቺ ጆንያ፣ ተንቀሳቀሺ!» ብሎ የጮኸ ቀን ክብርትነታቸው መሮጫው መሃል ገብተው፣ ሯጩን ሁሉ አስቁመው፣ «ስሟ ኢልሃም ነው» አሉት። ዛሬ የአርባ ሁለቱንም ስም ከነአባታቸው ይጠራል። ለልጅ ለብቻዋ መልእክት መላክም ቀረ፤ የሚጻፈው ሁሉ ወላጅ ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። ስለዚህ ልደቱ ለአንዷ «ነገ ካልሲ እንዳትረሺ» ሲል የአርባ ሁለት ልጆች ወላጅ ካልሲ ፍለጋ ቁም ሣጥን ያተራምሳል።

ይህን ሁሉ ለወዳጆቼ እየሳቅሁ አወራ ነበር፤ ነገሩ ልጄ ላይ እስኪደርስ።

ሩታ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዳገት ላይ ስትሮጥ እንዴት እንደምታምር... አባት ነኝና ልተወው። አንድ ቅዳሜ ጥቁር መነጽር ያደረገ «ማናጀር» መጣ። «ልጅቷ ተሰጥኦ አላት፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ካምፕ አለኝ፤ ሦስት ቀን ልሞክራት፤ አሁኑኑ በመኪናዬ ልውሰዳት» አለኝ። እኔ በሐሳቤ ከውጭ ውድድር ስትመለስ ልቀበላት አበባ ይዤ ቦሌ ቆሜያለሁ። «ውሰዳት» ልል አፌን ስከፍት ክብርትነታቸው ደረሱ።

«ማን ማን ነው የሚሄደው?» አሉት።

«እኔና እሷ።»

«እኔስ?»

«መኪናው ይጠባል፣ እናቴ።»

«ሰባት ሰው ይይዛል፤ ወንበሩን ቆጥሬዋለሁ። የምታድረው የት ነው? ከማን ጋር? እስኪ መታወቂያህን ልየው።»

ሰውዬው ወደ ልደቱ ዞር ብሎ «ሴትዮዋ ማን ናቸው?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀ። ልደቱም ጎንበስ ብሎ፣ በሙሉ እምነት፣ «ደህንነት ናቸው» አለው። ማናጀሩ ወዲያው አስቸኳይ ቀጠሮ ትዝ አለው። መኪናው ቁልቁል ሲበር አቧራው ብቻ ቀረን።

ደሜ ፈላ። «የልጄን ዕድል ዘጉባት!» ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው። እሳቸው አልተቆጡም። ለፖሊስ የሚሰጡትን የመኪናውን ታርጋ መዳፋቸው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ፣ «ለመሆኑ ሩታን ጠይቀሃታል?» አሉኝ።

ወደ ቤት ስንወርድ ጠየቅኋት።

«እትዬን የጠራኋቸው እኔ ነኝ» አለችኝ ጫማዋን እያየች። «ባለፈው ሳምንትም መጥቶ ነበር። ስልክ ቁጥሬን ተቀብሎኝ ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪ› አለኝ። ፈራሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ሲመጣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተማ ደስ ብሎህ ነበር፣ አባዬ።»

መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። አፈርኩ። እንዲህ ያለ እፍረት አላውቅም። ቆይቶ ግን ኮራሁ፤ በልጄ ኮራሁ፣ ፈርታ ዝም አላለችምና። በክለባችንም ኮራሁ፤ አንድ ልጅ የአባቷ ደስታ አፏን ሲዘጋባት ሮጣ የምትነግረው ሰው አለው።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ የሌላ ሰፈር ክለብ ሰዎች ቀድመውኛል። ወይዘሮ ወርቅውሃን በሳምንት ሁለት ቀን እንድናውሳቸው ኮሚቴያችንን ይለምናሉ። ስንት ጊዜ ያማኋቸው እኔው ከሁሉ በፊት ብድግ ብዬ «አናውስም! የራሳችሁን ፈልጉ!» አልኩ።

እሳቸው ዞር ብለውም አላዩኝም። «ስንት ልጆች አሏችሁ?» ብለው እንግዶቹን ጠየቁ።

«ስልሳ።»

ቦርሳቸውን አነሡ። እኔም ከእጃቸው ተቀብዬ ተከተልኳቸው።