የእናቴ ተዝካር በጀርመን አገር

እግዚአብሔር የማያውቀው ቋንቋ የለም ይባላል። አምናለሁ። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ሳይሆን በሩ ላይ ያሉት ሰዎቹ ናቸው። እነሱ የሚያውቁት ጀርመንኛ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ጀርመንኛ የማውቀው «ደህና አደሩ» እና «አመሰግናለሁ» ለማለት ያህል ነው። በእነዚህ ዳቦ መግዛት ይቻል ይሆናል። የእናትን ነፍስ ማስማር ግን ከየት ተብሎ!

ለነገሩ እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚባለው ሁሉ ሲገባኝ የኖርኩ ሰው አይደለሁም። ተወልጄ ያደግሁት አንኮበር፣ ያረጀሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ግዕዙ በአንዱ ጆሮዬ እየገባ በሌላው ሲወጣ ዕድሜዬ አለቀ። ቢሆንም አለመግባቱ ራሱ የአገሬ አለመግባት ነበር። የት ላይ እንደሚሰገድ፣ የትኛው ዲያቆን ድምፁ እንደሚያምር፣ የትኛው ሲያዜም እንደሚያንቀላፋ አውቃለሁ። ሰው በማይገባው ነገር ቤተኛ ይሆናል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ይሆናል።

ጀርመን የወሰደችኝ ልጄ ትዕግሥት ናት። ወልዳ ነበር። እናቷ በሕይወት ስለሌለች የአራስ ጠያቂነቱ ሹመት በእኔ ላይ ወደቀ። አንድ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ለአራስ ምን ይፈይዳል? ገንፎ አላገነፋ፣ ሕፃን አላጥብ! ዕድሜ ልኬን ስለ ራይን ወንዝ አስተምሬያለሁ፤ ራይን ግን ስለ እኔ የሰማው ነገር ያለ አይመስልም። መስኮት ላይ ተቀምጬ ዝናብ ስመለከት እውላለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ የቤቱ ደወል ጮኸ። ሦስት የማላውቃቸው አበሾች ጥቁር በጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ይህን የሚያስተረጉም የአገሬ ሰው ማን አለ? ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በርህ ላይ ከቆመ ማን እንደሞተ ብቻ ነው የምትጠይቀው። እናቴ ነበረች። ከተቀበረች ወር አልፏታል። ትዕግሥት ብቻዋን ልትነግረኝ ፈርታ መርዶ አርጂዎች ስታፈላልግ፣ አርጂዎቹ ደግሞ ከሥራ ፈቃድ እስኪያገኙ ስትጠብቅ ነው ጊዜው የሄደው። በዚያ አገር ለመርዶም ቀጠሮ ይያዛል! በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ አንኮበር እየደወልኩ እናቴን አገናኘኝ ስለው፣ ታናሽ ወንድሜ ኃይሌ «ቤተ ክርስቲያን ናት ጋሼ» ይለኝ ነበር። አልዋሸም። እዚያው ናት።

እንግዲህ የበኩር ልጇ እኔ ነኝ። ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም፣ አፈር አላለበስኳትም፣ ድንኳኗ ውስጥ አልተቀመጥኩም። ከእናቴ ሞት ለእኔ የተረፈችኝ አርባዋ ብቻ ናት፤ እሷም በሦስተኛው ቀን ልትውል ነው። ኃይሌ በስልክ፣ እነሱ በአገር ቤት ካህናቱን ጠርተው ተዝካሯን እንደሚያወጡ፣ እኔም ባለሁበት ክርስትና ስሟን በጸሎት አስጠርቼ ነዳያን እንዳበላ ነገረኝ። ሲናገር ቀላል አደረገው። የአበሻው ቤተ ክርስቲያን ያለው ባቡር ተቀያይሮ በሚደረስበት ሩቅ ከተማ ነው። ትዕግሥት አራስ ናት፤ አትወስደኝም። ብቻዬን ብሄድ ደግሞ መቀየሪያው ላይ ጠፍቼ ለእኔም ተዝካር ሊያስፈልግ ነው።

ስለዚህ በአርባዋ ዕለት ከቤቱ ማዶ ወዳለው ወደ ጀርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሃይማኖቱ ምንድን ነው አላልኩም፤ ጫፉ ላይ መስቀል አለ፣ በዚያን ቀን ያ በቃኝ። ጋቢዬን ለበስኩ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጫማዋን የምታወልቀው ከቅጥሩ በር ላይ ነበር፤ ጭቃም ይሁን ውርጭ ግድ የላትም። የእሷ ቀን ነውና እኔም ከበሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ እዚያ ካለ የብረት ሣጥን አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ልገባ ስል ትዕግሥት በግድ ቁርስ እንዳበላችኝ ትዝ አለኝ። እህል ቀምሶ ዘው ማለት አልሆነልኝም። እንደ አገሬ ሰው ግድግዳውን ተሳልሜ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ከውጭ ቆምኩ።

ቆሜ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ዘግይታ መጣች። ጫማዬን አየችው። አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው፣ አቧራውን በመሐረቧ ጠረገችና የሣጥኑን አፍ ከፍታ ወደ ውስጥ ለቀቀችው! ሣጥኑ ለድሆች ልብስና ጫማ የሚሰበሰብበት እንደሆነ ትዕግሥት በኋላ ነው የነገረችኝ። መጮህ ነበረብኝ። በምን ቋንቋ? በድንጋጤ አፌ ላይ የመጣልኝ ያው የማውቀው ነው፤ «አመሰግናለሁ» አልኳት። ፈገግ ብላ ገባች።

ብርድ እንዳይመስላችሁ ያስለቀሰኝ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፣ ጣርማ በር ላይ መኪና ተበላሽቶብኝ ያደርኩ ሰው ነኝ። ከውስጥ መዝሙር ይሰማል፤ የት ላይ እንደደረሱ፣ መቼ እንደሚሰገድ አላውቅም። በመላው ቅጥር ውስጥ ከውጭ የቆመ ከእኔ በቀር የለም። እናቴን ያን ጊዜ አለቀስኳት። ድምፅ አውጥቼ፣ ብቻዬን፣ አይዞህ የሚል ሳይኖር።

ሲወጡ ያቺው አሮጊት አየችኝ፤ ባዶ እግሬን አየች፤ ደረቷን ያዘች። አንድ ረጅም ሰውዬ ጠርታ መጣች፤ ቄስ ይሁን ዘበኛ ልብሱ አይናገርም። እናቴ እንደሞተችና ስሟን እንዲጠሩልኝ ማስረዳት አለብኝ። ወደ ሰማይ አመለከትኩ። ከዚያ ጉንጬን በመዳፌ ላይ አስተኝቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚህ የበለጠ ሞት በምን ይገለጻል? እነሱ ግን የገባቸው፣ ይሄ ሰው ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው የሚለው ነው። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ አዳራሽ ወሰዱኝ፤ ከቁም ሣጥን ውስጥ ሁለቱን እግሮቼን ባንድ ላይ የሚውጥ ጫማ አውጥታ ተንበርክካ አጠለቀችልኝ። እምቢ ልበል? እምቢታ በጀርመንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። ዙሪያውን ጺማቸው ያደገ፣ ዕቃቸውን በላስቲክ የታቀፉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ነዳያን ናቸው። ነዳይ በየትም አገር ቢሆን ያስታውቃል። እኔንም ከመካከላቸው አስቀመጡኝና የምስር ሾርባ ቀረበልኝ፤ ላዩ ላይ የአሳማ ቋሊማ ተቆራርጦ ይዋኛል። ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። በእናቴ አርባ ደግሼ፣ አንጀቴ እስኪርስ ጥገቡልኝ፣ ነፍሷን ይማር በሉልኝ እያልኩ ላስተናግድ የሚገባኝ የበኩር ልጅ፣ ባዕድ የደገሰውን ልበላ ከነዳያኑ ተርታ ተቀምጫለሁ። እንደዚያ ያለ ኀዘን ተሰምቶኝ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ነዳያኑ አሉ፣ ምግቡ አለ፣ የጎደለው ስሟ ነው። ብድግ አልኩና «የወለተ ማርያምን ነፍስ ይማር!» አልኩ። ማንኪያዎች ቆሙ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የማዕድ ጸሎት መሰላቸው መሰለኝ፣ ሁሉም ባንድ ድምፅ «አሜን» ብለው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። ምን እንዳልኩ አያውቁም። የናፈቁት ቋሊማውን እንጂ እናቴን አይደለም። ሆኖም በጀርመን አገር ሁሉ ያገኘሁላት አሜን ያ ነው። ተቀመጥኩ። ሾርባውን አልነካሁትም፤ ቋሊማው ባይኖርበትም በጉሮሮዬ የሚወርድ እህል አልነበረም። አሮጊቷ እየመጣች በእጇ ብላ ብላ ትለኛለች፣ ጎረሰ አልጎረሰ እያለች ከሩቅ ታየኛለች።

ወደ ማታ ኃይሌ ደወለ። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ካህናቱ ተነሥተው ዘመድ እየበላ ነበር። ጋሼ፣ ተዝካሯን አወጣህላት ወይ አለኝ። አወጣሁ አልኩት። ነዳያኑስ ደህና በሉልህ ሲለኝ፣ አንደኛው አልበላ ብሎ አስቸገረ እንጂ የቀሩት ደህና በሉ አልኩት።